ድኝ ወይስ እርሳስ

ጥር ነበር፣ ሰድበሪ፤ በረዶው መስኮቱን እስከ አንገቱ ውጦ።
ሥራዬ ምድር ቤት፣ ከማሽን ራስጌ፣ እንደ አስታማሚ ተቀምጦ
የማይናገር ነገር እስኪናገር መጠበቅ፤
ድንጋይ ማናዘዝ፣ ዝገት መመርመር፣ አፈርን መጠየቅ።

ሄልቪ ላህቲ መጣች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ብርዱ ያልበገረው፣ ቀጥ ያለ አንገቷ።
ከቦርሳዋ አወጣች የታጠፈ ፖስታ፣
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፣ ባገኘችው ቦታ።
ውስጡ የቀለም ቅርፊት፣ ከምስር ክክ ያነሰ፣
ጣሪያ ሥር ሃምሳ ስምንት ዓመት አቧራ ከለበሰ
ከሕፃን አልጋ ላይ በቢላ የተገመሰ።

«ራይሊ ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ ጢሱ ነው የበላት።
ባሌ ከማቅለጫው፣ በልብሱ፣ በጸጉሩ፣ ይዞት ይመጣላት።
እኔ አርጅቼ እዚህ ደረስኩ፤ እሷን ግን ማን ሰማት?
የገዳይዋን ስም ጻፍልኝ» አለች። «በወረቀት።»

ቅርፊቷን ሙጫ ውስጥ ቀበርኳት፤ ሲደርቅ ገመስኳት፣
እንደ መስታወት እስክታበራ በአልማዝ ዱቄት ወለወልኳት።
በቅኔው ቤት ወርቅ ከሰም ሥር ይወጣል፤
እዚህ ግን ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው፤ ከላይ ይቀባል፣ ድኝን ይሸፍናል።
ስለዚህ ካርቦን አለበስኳት፣ ከጥላ የሳሳ፤
ከዚያ ወዲያ የእሷ ጥላሸት ከእኔ ጥላሸት ላይለይ ተረሳ።

አየሩን መጥጬ አወጣሁ። እርጥብ ነገር ሁሉ አብሮ ይወጣል፣
እንባም ላብም ቢኖር፣ ገና ሳልጀምር በኖ ያልቃል።
ማሽኑ ሃይድሮጅን አያይም፤ ለእሱ ውኃ የለም፤
ደረቅ ነው የሚያነበው፣ የድንጋይና የጨው ዓለም።

ጨረሩን ለቀቅኩት፤ አንዲት ነጥብ ላይ አደረ፤
የተመታ አቶም ሁሉ በራጁ ስሙን ተናገረ፦
ኒኬል፣ እዚህ ነኝ። መዳብ፣ አለሁ። ብረት፣ አቤት።
ሁለት ነጥብ ሦስት ላይ ግን አንድ ጉብታ፣ ሁለት ባለቤት፤
ድኝም በዚያ ድምፅ ይጣራል፣ እርሳስም በዚያው፤
ጆሮ የሚለየው አይደለም፣
መንታ ነው፣ አንድ ሸማ የለበሰ።

ድኝ ከሆነ፣ ጢሱ ነው፤ ከማቅለጫው የመጣ።
እርሳስ ከሆነ፣ ከቀለሙ፤ ከገዛ ቤት የወጣ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሌላውን መሣሪያ፣ ክሪስታሉን፣ አዞርኩት፤
እሱ ዘገምተኛ ነው፤ ሞገዱን ዘለላ በዘለላ ሲለቅም ጠበቅኩት።
ልቤ ወደ ቤት ከጅሏል።
«ድኝ ብለህ ጻፍና ሂድ፤ አሮጊት ምን ይጠቅማታል?
ቢጫውን እርሳ» አልኩት ልቤን፤ «እባክህ ወንድሜ፣ እርሳስ!»
ክሪስታሉ ዞሮ፣ ዞሮ፣ በገዛ ቃሌ መለሰ፦
እርሳስ።

ጠዋት ነገርኳት። ስክሪኑን አዞርኩላት።
ከላይ ስስ ጥቁር ጢስ አለ፤ ኒኬል፣ መዳብ፣ ድኝ፤ ሄልቪ አልዋሸችም።
ከሥሩ ቢጫው፤ እርሳስና ክሮሚየም፣ እጅ ለእጅ፣
ዛሬ እንደተቀባ።
ጢሱ መቼ እንዳረፈ፣ የትኛው እንደቀደመ፣ ማሽኑ አያውቅም፤
ያለውን እንጂ ያደረገውን ጠይቀነው አያውቅም።

ሄልቪ አላለቀሰችም። ጓንቷን አወለቀች፣
ቢጫው ካርታ ላይ ጣቷን አሳረፈች፣
ቆየች።
«ባሌ ነጭ ይሻላል ብሎ ነበር» አለች።
«ቢጫውን የመረጥኩ እኔ ነኝ።»

የምለው አጣሁ። ቅጹን ሳብኩ፤ መቶኛውን ሁሉ ሞላሁ፣
«የናሙናው ስም» የሚል መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።
ቁጥር ነበር የምንጽፍበት።
ኪሴ ውስጥ የእንጨት እርሳስ ነበረች፤ ስሟ ነው እንጂ
እርሳስ የለባትም፤ ካርቦን ናት።
በእርሷ «ራይሊ» ብዬ ጻፍኩበት።

«ቅርፊቱን ትመልስልኛለህ?» አለችኝ በሩ ጋ።
ሙጫ ውስጥ ናት፣ አትወጣም፤ እንደ ትልቅ ሳንቲም ክብ ሆናለች አልኳት።
እንዲሁ ስጠኝ አለች። ሰጠኋት።
ጓንቷ ውስጥ፣ መዳፏ ላይ አጣበቀቻት፣
አውቶብሱ ሊያመልጣት ነበርና በበረዶው መሐል ፈጠን ፈጠን አለች።