ትቆያለሽ?

"አገሬ ሜክሲኮ" ስትለኝ የለገጣፎዋ ሴኞራ፣
በታክሲ የሚደረስ መስሎኝ ነበር፣
ከለገሃር አለፍ ብሎ፣ ከአደባባዩ ጋራ።
ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሽንኩርት ከትፌላት፣
ስትሄድ የሰጠችኝ፦ የሁለት ወር ደሞዝ፣
ክዳኑ የሚከብድ ድስት፣
እና አንድ ቀይ ሩዝ።
ሩዙ በእጄ መጣ፣ በሻንጣ አይደለም፤
የሰው አገር ሙያ ኬላ አይፈትሸውም።

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ከጄሪካን ቀድቼ ሩዙን አጥባለሁ፤
እስኪጠራ፣ ሦስቴ። ውሃው ያሳሳል።
እጣቢው አይደፋም፣ ለሽንት ቤት ይሆናል።

ኩለኒ መጣች፣ የጎን በር ጎረቤት፣
ቃሪያ ልትበደር፣ አፍንጫዋ ቀድሟት ወደ ቤት።
"ማን ታሞ ነው ሩዙ? ደግሞ ትቆያለሽ? እንደ ገብስ?"
"እቆላለሁ" አልኳት፣
"የጠጅ መልክ እስኪይዝ፣ እንደ ጠጠር እስኪንኳኳ ድረስ።"

የመቂ ቲማቲም፣ ጋሪ ላይ ተላልጦ በግማሽ ዋጋ የገዛሁት፣
ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭቼ ከላይ ቸለስኩት።
ጮኸ። ቀላ።
"በርበሬውስ?"
"የለውም።"
ቀልቶ አለማቃጠሉን አልወደደችውም።

ማማሰያ ስታነሳ እጇን ያዝኩት።
"ወጥ አይደለም፣ ካማሰሉት ይቀየማል።
ክዳኑም አይነሳ። ሃያ ደቂቃ ዝም።"
በአስረኛው ደቂቃ መብራቱ ድርግም!

የምድጃው ጥቅልል ቀስ እያለ ጠቆረ።
በጨለማው ውስጥ ኩለኒ፦
"ቱሉ ኮረብታ ነው፣ ዲምቱ ደግሞ ቀይ።
አባቴ ሽንብራ ይዘራ ነበር እዚሁ ብሎክ ላይ።
አሁን ኪራይ እከፍላለሁ፣
ከሽንብራው በላይ አራት ፎቅ ወጥቼ።"
ምን ይባላል? ድስቱን አየሁ፣
እኔም አፌን ዘግቼ።

በስልክ መብራት ከፈትነው።
በተረፈው ሙቀት፣ በራሱ እንፋሎት፣
አንዱ ፍሬ ከአንዱ ሳይጣበቅ በስሎ ጠበቀን።
ሰሃን ላይ ስገለብጠው ቆመ፣ ተከመረ፤
"ቱሉ ዲምቱ!" አለች፣ ሳቋ ሳይቀር ተንፎለፎለ፣
ድንብላል በተንኩበት፣ ጫፉ ላይ ሣር በቀለ።

ማንኪያዋን ልሳ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች፦
"ነገም ትቆያለሽ?"
አላልታ ይሁን አጥብቃ፣ ጆሮዬ አልለየውም።
ስለ ሩዙ ነው? ወይስ
አከራዬ ወር ሳይሞላ ልቀቂ ማለቱን ሰምታ?
ራሴን ነቀነቅሁ፣
ለሁለቱም።