የስም ጥሪ

የዓሣ ማኅበሩን መጋዘን ስጠብቅ
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቁልፍ ከወገቤ ሳይርቅ፣
ሁለት የጀልባ ሞተር፣ ሰባት ጥቅል መረብ
ጠፋ ተባለና፣ በነሐሴ ዝናብ
ወሰዱኝ ከቤቴ፣ ጫማዬን ሳላስር፤
ሚስቴ ጥላ ይዛ እስከ ጣቢያው በር።

ማረው መሰከረ።

አብሮኝ የቀዘፈ፣ የሽምብጡ ማረው፣
ቆሮሶ ስንጠብስ የዓሣውን ራስ የምሰጠው፣
መጽሐፉን ጨብጦ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ
«አየሁት» አለ፣ «በጨረቃ፣ ሞተሩን አዝሎ።»
በነሐሴ ሰማይ፣ በዚያ ደመና ሥር
ጨረቃ ከየት ነበር?
ጠበቃ አልነበረኝ፤ ዳኛው አልጠየቁኝ፤
አምስት ዓመት ሰጡኝ።

ጣና ከግንቡ ማዶ ነው፤ ቢንጠራሩም አይታይ፤
ሽታው ብቻ ይመጣል፣ ነፋስ ሲዞር ማታ ላይ፤
የራሰ ደንገል ሽታ፣ የቆሮሶ ቅርፊት፣
እንደ ጠያቂ ዘመድ ቆሞ በሩ ፊት።
የእውነቱ ጠያቂ ግን እየሳሳ ሄደ፤
የልጄ ደብተር፣ «የሌባ ልጅ» ተብሎ፣ ተቀደደ፤
ሚስቴ ስንቅ የምታመጣው ታንኳዬን ሽጣ ኖሯል፤
አልነገረችኝም፤ ወሬ ግን ግንብ ይሻገራል።

እኔም ስሙን ያዝኩት።
ማታ ቆጠራ አልቆ በሩ ከተዘጋ፣
ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ፣
«ማረው!» እላለሁ፣ «ማረው!»፣ ጥርሴን ነክሼ፣
ቢላ እንደሚስል ሰው፣ ደጋግሜ፣ መልሼ፣
እስኪነጋ።

ባሻ ጓንጉል ነበሩ ከጎኔ የሚተኙ፣
በድንበር ጠብ ሰው ገድለው ዕድሜ ልክ ያገኙ፤
«ገድያለሁ» ብለው በእግራቸው የገቡ፣
ከሟቹ ስም በቀር ሌላ የማያስቡ።
አንድ ሌሊት ጠሩኝ፦
«ልጄ፣ ልጸልይ ስል ምላሴ ይታሰራል፤
የገደለ ሰው እጅ ወደ ሰማይ ይከብዳል።
አንተ ግን ‹ማረው፣ ማረው› ስትል ሌሊቱ ይነጋል።
ለማን ነው? አልልህም። ለእኔ ነው እያልኩኝ
ዘጠኝ ዓመት የሸሸ እንቅልፍ ሰሞኑን ታረቀኝ።»

ምን ልበል?
እርግማን ነው ልበል? ስም ነው፣ የጠላቴ?
«አዎ፣ ለእርስዎ ነው» አልኩ፣ ደርቆ አንደበቴ።
እኔም በተራዬ
በሐሰት መሰከርኩ።

ከዚያ ወዲያ፣ ሽማግሌው እንዲተኙ ብዬ፣
ጥርሴን ከጥርሴ አላቅቄ፣ ድምፄን አለዝቤ፣ ቀስ ብዬ
እለው ጀመር። መጀመሪያ ለእርሳቸው።
ቀጥሎ በሐሰት ለማለ ሰው ሁሉ፤ ያ እኔም ነኝ።
ብርሃን አልወረደም። መልአክ አላናገረኝ።
አንድ ሌሊት ብቻ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ
ስለቱን ፈለግሁት፤ ስለቱን አጣሁ።
ባሻ ተኝተዋል፤ ክፍሉ በሙሉ ያንኮራፋል፤
ግን የሚሰማኝ ነበር።
ነቅቶ፣
እንደ ሐይቁ፣ ከግንቡ ማዶ።

በአራተኛው ዓመት፣ ቁንዝላ ወደብ ላይ፣
ሞተሮቹ ተገኙ፤ ሊቀመንበሩ ነው ሻጩ።
ማረው የእርሱ ባለዕዳ ኖሯል፤
ዕዳውን በእኔ ከፈለ።
ስወጣ ቀበቶዬን ሰጡኝ፤ ሰፋኝ።
ቁልፌንም ሰጡኝ፤
የመጋዘኑ ጓጉንቸር ከተለወጠ ቆይቷል።

ከደንገሉ ዳር፣ ማረው ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤
መረቡን እምቦጭ ወሮት።
አየኝ። አልሸሸም። እጁን አልዘረጋም።
እኔም አልዘረጋሁም፤ ያን ቀን አቃተኝ።
የመረቡን ሌላ ጫፍ ይዤ ተቀመጥኩ።
እምቦጩን ስንለቅም፣ ቃል ሳንለዋወጥ፣
ፀሐይ ከዘጌ ጀርባ ገባች።
የቆጠራ ሰዓት ነው፤
ባሻ ጓንጉል ዛሬ ማን ብሎላቸው ይተኛሉ?
ፊቴን ወደ ውሃው መልሼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ
«ማረው» አልኩ።

«አቤት» አለ፣ ከአጠገቤ።