ሁለት መቶ ሜትር

ከደጄ እስከ አዳራሹ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር፣
በስልኬ ለካሁት፣ ደገምኩት በእግር።
አዋጁ ግን ሺህ ነው፤ ከዚያ አትሻገር።
ሁለት መቶዋ ናት የቀረችብኝ ዳር።

ረሆቮት ላይ ጥቅምት ገባ፣ ሙቀቱ ግን አልበረደ፤
አውቶቡሱ ባዶውን መጣ፣ ባዶውን ሄደ።
አፌን በጨርቅ ሸፍኜ፣ የጎረቤት ውሻ ተውሼ፣
መድኃኒት ቤቱ ጥግ፣ ሺኛው ሜትር ላይ ደርሼ፣
እቆማለሁ።
ፖሊሱ «ወዴት?» ሲለኝ ወደ ውሻው እጠቁማለሁ፤
«ጭብጨባ ናፍቆኝ ነው» ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ?

ዘፋኝ አይደለሁም፤ የአውቶቡስ ፍሬን አዳሽ ነኝ፤
ልዝፈን ብል ይህ የውሰት ውሻ እንኳ አይታገሰኝ።

አዳራሽ ስላችሁ ደግሞ ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤
ከምንጣፍ ሱቅ ሥር ነው፣ ትገባላችሁ ጎንበስ ብላችሁ።
ጣሪያው ላብ ያንጠባጥባል፣ ቢራው ለብ ይላል፣
የሽንት ቤቱ በር በእጅ ካልያዙት ይከፈታል።
ግን ባሱ ሲመታ፣ በጫማ ሶል ገብቶ፣
ጎድንን እንደ መሰላል አንድ በአንድ ወጥቶ፣
ጉሮሮ ላይ ቁጭ ይላል።

ታከለ መሰንቆውን ታቅፎ በወንበሮች መሀል ሲሽሎከለክ
አንዱ ብድግ ይላል፤ «ተቀበል!»
ስንኙን ይወረውራል፤ ታከለ መሬት ሳይነካ ይቀልባል፣
ጥቂት ጨው ነስንሶበት ለባለቤቱ ይመልሳል፤
ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ባለቤቱ ያፍራል፣ ይሸልማል።

ልጄን ሊአትን
እቤት በአማርኛ ስጠራት በዕብራይስጥ ነው መልሷ፤
እዚያ ምድር ቤት ግን
በአማርኛ ይመልስልኝ ነበር ትከሻዋ።
አሁን በሯን ዘግታለች፤ ጆሮዋ ላይ ሁለት ነጭ ቡሽ።
ምን እንደምትሰማ አላውቅም።
ለብቻ የሚበላ ድግስ።

በሚያዝያ ታከለ በስልክ ዘፈነልን፤
ሠላሳ ሁለት ፊት፣ በትንንሽ መስኮት፣
አንዱ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ አንዱ ተኝቶበት።
«ተቀበል!» አልኩት፤ ድምፄ መንገድ ላይ ቆየ፣
እሱ ሌላ ዜማ ላይ ነው፣ የእኔ ስንኝ ዘገየ።
ከዚያ ምስሉ ቀጥ አለ፤ የታከለ አፍ
እንደተከፈተ ቀረ።
ዘፈን ልንሰማ መጥተን የወርቅ ጥርሱን አየን።

አቶ ቢያድግልኝ ያን ቀን አልነበረም።
አንድ ጆሮው ስለማይሰማ ከማጉያው ሥር የሚቀመጥ፣
ሁልጊዜ ከምቱ ቀድሞ የሚያጨበጭብ፣
ስንስቅበት «እናንተ ናችሁ የዘገያችሁ» የሚለን ሽማግሌ፣
አሁንም ቀደመን።
ሃያ ሰው ብቻ ቀበረው፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ፤
ልጆቹን እጅ እንኳ አልጨበጥናቸውም።
ወንበሩን አውቀዋለሁ፤ አንድ እግሩ አጭር ነው፣
በታጠፈ ካርቶን የቆመ።

ሐሙስ ማታ ግን፣
ዘበኛው አድማሱ፣ ማጉያዎቹን እርጥበት እንዳይበላቸው
በሳምንት አንዴ ያበራቸዋል አሉ፣
በሩን ለአየር ከፍቶት ይሆናል፣ ከሁለት መቶ ሜትር ማዶ
በአስፋልቱ ሥር አንዳች ነገር መጣ፣ በጫማዬ ሶል ገባ፤
«አሐት… ሽታይም… አንድ… ሁለት…»
ዜማ አይደለም። ቁጥር ነው።
የውሻው ጆሮ ቆመ፤ የእኔ ጉሮሮ ሞላ።
ጨርቁን ከአፌ አወረድኩና፣ ሰባት ወር የያዝኩትን
«ተቀበል!» አልኩ፣ ለመንገዱ።

ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴት መስኮቷን በርግዳ
«ሼኬት!» ብላ ጮኸችብኝ።

ተቀበለችኝ።
ያውም ሳትዘገይ።