ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ግራ እጅጌ ሰፍቻለሁ፤
ቀኙን ትሰፋ የነበረች ሩሲያዊት፣ ስሟን ረስቻለሁ።
ቂርያት ጋት፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ያ ፋብሪካ ሲዘጋ
መኪኖቹ ተጫኑ፤ እኔ ቀረሁ ከጣቶቼ ጋ።

አሁን አዳራሹን መስተዋት ከፋፍሎታል፣
ክር የለቀምኩበት ወለል ምንጣፍ ለብሶ ይተኛል።
ወጣቶች በካልሲ እየሄዱ ልብስ ያስተምራሉ፣
«ይሰማል፣ ይቆጥራል፣ ለኮምፒውተር ይነግራል» ይላሉ።

የስልሳ ስምንት ዓመት ደረት ፈልገው ጠሩኝ፣
በሰዓት ስልሳ ሸቅል ሊከፍሉ ተዋዋሉኝ።

ኦርታል ሸሚዙን አለበሰችኝ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ስስ፣
የብር ክሩ ጎን አጥንቴን ዞሮ ጀርባዬ የሚደርስ፣
ባትሪው ካንገትጌው ሥር፣ ከቁልፍ ትንሽ የሚያንስ።
የኔ ዐይን ግን ስፌቱ ላይ ነው፣ ትከሻው ጋ ሲሸሽ።

«ብቻሽን ነው የምትኖሪው?» አለች ዐይኗን ሳትነቅል፤
እኔም አዎ አልኩ፣ እንደኛ፣ አየር ስቤ፣ ያለ ቃል።

ስክሪኑ ቀላ። ጮኸ። «ትንፋሽ ተቋረጠ» ብሎ ጻፈ፤
ወንበሯ ወደቀ፤ ያመጣችልኝ ውሃ ጭኔ ላይ አረፈ።
«ደህና ነሽ ወይ?» ስትለኝ አሁንም ሳብኩ፣ ልማድ አይለቅ፤
ደግሞ ጮኸ። እኔ ሳቅ፣ እሷ ላብ፣ ሸሚዙ ጭንቅ።

በኋላ አስረዳኋት፣ በእጄም፣ በዕብራይስጥ ስብርባሪ፦
ሌላው ቃል ሁሉ ወጪ ነው፤ አዎ ግን ገብቶ አዳሪ።

ብርጭቆዋን ስመልስ ደግሞ ግራ እጄ ቀኜን ደግፎ፣
ስክሪኑ ሥር «ያልታወቀ እንቅስቃሴ» የሚል ተጽፎ።
ክብር ነው ይኼ፣ አልኳት፤ ለመስጠት ሁለት እጅ ይፈጃል።
መዘገበችው። ልብስም ክብር ይማር ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

«አዎውንም ይማር እንግዲህ» አለች። አስቀምጣ በወንበር
አርባ ጊዜ አዎ አስባለችኝ ላልተጠየቅኩት ነገር።
በሃያኛው ደረቴ ደከመ፤ በሠላሳው ተናደድሁ፤
በሠላሳ ሰባተኛው፣ ለምን እንጃ፣ የእውነቴን አልሁ።
ሸሚዙ አልለየውም፤ እንደ ሌሎቹ ቆጠረው፣
በአረንጓዴ መስመር ከነወንድሞቹ ደረደረው።

ይዤው እንድገባ ተባለ፣ ለወር፣ ለሙከራ፣
እንዳልጨምቀው፣ ፀሐይ እንዳላሰጣው፣ ከመመሪያ ጋራ።
ሳጎነብስ፣ ስተኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ ስወጣ፣
ሁሉን ቆጥሮ ይልካል፤ አንድም ቀን ሐሜት አላመጣ።

አንድ ሌሊት፣ ነፋስ የለ፣ የጎረቤት ውሻ ዝም፣
ነቅቼ ነበር ወይስ ሕልም ነው፣ ይኸን እኔም አላውቅም።

ጧት ኦርታል ደወለች፣ ድምጿ ተለሳልሶ፦
«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸሚዙ አዎ ብሏል፣ መላልሶ።
ሦስት ጊዜ፣ ስንቄ። ልሰርዘው፣ ስህተት ከሆነ?
ወይስ... ለማን ነው?»
                    ማንቆርቆሪያው ፈላ፣ ተነነ።

«አትሰርዥው» አልኳት። ቀጥዬም፣ ሌላ እንዳትጠይቀኝ፣
«ትከሻው ጋ ስፌቱ ሸሽቷል፤ ነገ መርፌ ይዤ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ።»