ሦስተኛው ዓምድ

ቁጥሩ አራት መቶ ዐሥራ ሰባት፤ ስም ገና አልተሰጠውም፣
ጠርሙሱን ብታዘነብለው ከውሃ አትለየውም።
ከፋብሪካው ተላከልን፣ ከላቤ ወንዝ ማዶ፣
ታሽጎ፣ ተመዝኖ፣ ዙሪያውን በረዶ፤
አንድ ጥያቄ ብቻ አንጠልጥሎ መጣ፦
«የነካኝ፣ ያየኝ፣ ያሸተተኝ ሰው፣ ምን ይሆን የሚደርስበት ጣጣ?»

እኔ መልስ ሰጪ ነኝ። ፓርዱቢትሴ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሰንጠረዥ ስሞላ፣ ስደልዝ፣ ሳይ።
ቆዳ፣ ዓይን፣ መተንፈሻ፤ ሦስት ዓምድ፣ ሦስት በር፣
በየበሩ ቆሜ «ማነህ?» ስል የምውል፣ የማድር።

ቆዳው መጀመሪያ።
ከማናውቃት ሴት፣ ከቀዶ ሕክምና የተረፈች ቁራጭ፣
በጽዋ ውስጥ አድጋ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ
ሳስታ፣ ገርጥታ፣ ግን ሕያው ሆና፤
ድራሆሚራ ጠብታውን አኖረችባት፣ ትንፋሿን አፍና።
አንድ ሰዓት። እጥበት። ከዚያ ሁለት ቀን ጥበቃ፤
ቢጫው ቀለም ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ሴሉ ካልሞተ፣ ከነቃ።
ከመቶ ሃምሳ ሦስቱ ተረፈ። ደንቡ ሃምሳ ይላል፤
በሦስት ነጥብ ያመለጠ «አያስቆጣም» ይባላል።
(እኔን ያስቆጣኛል። ለእኔ ግን ዓምድ አልተሠራልኝም።)

ዓይኑ ቀጥሎ።
ጎህ ሳይቀድ ከቄራ፣ ቀዝቃዛ ጨው ውሃ ውስጥ፣
የላም ዓይኖች መጡ በባልዲ፤ አንዱ ወደ እኔ ሲያፈጥ።
የፊቱን ስስ መስተዋት ገፍፈን፣ ጠብታ ጥለን፣ ብርሃን ላክንበት፤
ብርሃኑ ጭጋግ አዝሎ ወጣ፤ ወይ አልታወረ፣ ወይ አልጠራለት።
ደንቡ «መወሰን አይቻልም» አለ።

ድሮ ጥንቸል ነበረች፤ አንገቷ በሣንቃ የተያዘ፣ ነጭ፣
ዓይኗ ላይ ጠብ ስናደርግ እሪ የማትል፣ የማትንጫጭ።
ጥንቸል አትጮኽም። ለዚህ ነበር የተመረጠችው፣ ይመስለኛል፤
ዛሬም ማታ ማታ ያ ዝምታ ጆሮዬን ይበላኛል።

ሦስተኛው ዓምድ፤ መተንፈሻ።
ለዚህ ጽዋ የለንም፣ ባልዲ የለንም፣ ሁሉ ያጸደቀው መፈተሻ።
«መረጃ የለም» ብዬ ሁልጊዜ እጽፋለሁ፤
ሁለት ቃል ናት፤ ጽፌ ሻይ ልጠጣ እወርዳለሁ።

ትናንት ግን ኦታካር መጣ፣ ታንከር አጣቢው፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ የሚያሽከረክር፣ ቃል ቆጣቢው።
ከሰፈሩ ማርሽ ባንድ ጋር ትልቁን ጥሩምባ ይነፋል፣ እሑድ እሑድ፤
«አንዷን ድምፅ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ድልድዩ፣ ሳልተነፍስ ስሄድ
እይዛት ነበር፤ ይኼ አዲሱ ፈሳሽ ከመጣ ወዲህ ፖስታ ቤቱ ጋ ትጠፋለች።»
ፖስታ ቤቱ ግማሽ መንገድ ነው። ሚስቱ ሊቡሼ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች።
አለቃው «ሲጃራ ነው» ብለዋል፤ ኦታካር አጭሶ አያውቅም፤
ለጎደለ ዜማ ደግሞ የኔ መዝገብ አሃዝ አያውቅም።

«ቁጥር ስጠኝ» አልኩት። «አንድ ቁጥር።»
ዝም አለ፤ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰረስር፣ ሲቆፍር።
እስክሪብቶዬን ወስዶ፣ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ፤
መንገዱን ሳለ፣ ድልድዩን ሳለ፣
ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርስ
ሳለ።

ደንቡ ሥዕል አይቀበልም፤ አውቃለሁ።
ሪፖርቱ ሰኞ ይሄዳል። ሁለቱን ቃላት ሰርዣለሁ።
ጥሩምባው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ከፖስታ ቤቱ ወዲያ ድምፅ የለም።