የግራ ጉልበት

ከቢቸና መውጫ፣ ጠጠሩ ሲጀምር፣
ቋ! ትላለች ከፊት፣ ከግራው ጎማ ሥር።
አንዴ ነው ስንላት፣ ሁለቴ ደጋግማ፣
መሪውን ከእጄ ላይ ወደ ግራ አዝምማ፤
ስንት ክረምት አለፍን ጥርስ እየነከስን፣
ጉድጓድ ባየን ቁጥር ትንፋሽ እየዋጥን።

ማርቆስ ያለው ጋራዥ ዋጋውን ሲነግረኝ፣
«መኪናዋን ውሰድ፣ ገንዘቡን ስጠኝ»
ልለው ቃጣኝ፤ ተውኩት።
ባሕር ዳር ደውዬ፣ ለምኜ፣ ተከራክሬ
ዕቃውን በአውቶቡስ አስጫንኩት፦
ሁለት ቴስቲና፣ ስምንት ጎሚኒ፣ አንድ እፍኝ ኮፒሊያ፣
ከሌላ መኪና ሬሳ የተፈታ
አንድ ጥንድ ሞላ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ።

አባቴም ሞላ ነው።
የክርስትና ስሙን ትቼ፣
መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ማለቴ ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ይችን ቶዮታ ነድቷት፣
ወላድም፣ በሽተኛም፣ ሙሽራም ጭኖባት፣
ዛሬ በረንዳ ላይ በርጩማ አስወጥቶ፣
አልታጠፍ ያለውን ግራ እግሩን ዘርግቶ፣
በከዘራው ጫፍ ይመራኛል፦
«መጀመሪያ ድንጋይ! ክሪክ አይታመንም፤
ክሪክ ያመነ ሰው ሁለተኛ አያምንም።»

ጥቁሩን ድንጋይ ከአጥር አንከባልዬ
ከሻሲው ሥር አስገባሁ፤
ጎማውን ነቅዬ በጀርባዬ ገባሁ።
ከታች ሲያዩዋት ሌላ ናት።
ሆዷ የሰኔ ጭቃ፣ የመጋቢት አቧራ፣
የማን ማሳ እንደሆነ የማይለይ የጤፍ ገለባ።
ቴስቲናው ጎማ ልብሱ ተቀዶ፣ ግሪሱ ተሟጦ፣
እንደ ሽማግሌ ጥርስ ከድዱ ላልቶ
በጣቴ ስነካው ይወዛወዛል።

ዳዶው ግን እምቢ አለ።
ናፍታ አጠጣሁት። በመዶሻ ለመንኩት።
ቁልፉ ላይ የውኃ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት።
እምቢ አለ።
ትብለጥ ከጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ቆይታ
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ
ቧንቧው ላይ ቆመች።
ጭርርር... ጢጥ!
«ከእኔ ይልቅ አንችን ፈራ» ብላት
«የማይፈራኝ የት አለ?» ብላ ወደ ጎመኗ።

በአጥር በኩል መሪጌታ ልሳነወርቅ አንገታቸውን አስገቡ፦
«በቀዳሚት ሰንበት ብረት ትቀጠቅጣላችሁ?»
አባቴ ሳይዞር፦
«በሬ አልጠመድንም መሪጌታ፣
የተጠመደውን ነው የፈታን።»
ሳቁና ገቡ፤ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ።

ሞላ ማውጣት ግን ሳቅ አይወድም።
በሰንሰለት አስሬ፣ ክሪኩን ጥቂት በጥቂት ዝቅ ሳደርግ፣
ያ የታመቀ ብረት፣ ያ የስንት ዘመን ቂም
ሰንሰለቱን በጥሶ፣ በጆሮዬ አልፎ
ጌሾው ሥር ወደቀ። ዶሮዎቹ ተበተኑ።
ዝም አልን ሁላችን።
ከዚያ መሪጌታ፣ የቅኔ ቤት አመል አልለቅ ብሏቸው፣
ቀስ ብለው ዘረፉ፦

«ጉድ በይ ቢቸና ሆይ፣ ነገር ተገለበጠ፣
ሞላ ተወርውሮ ሞላ ተቀመጠ፤
የብረቱስ ጉልበት በአውቶቡስ መጣ፣
ለሰውዬው ጉልበት የት ገበያ ይወጣ?»

አባቴ ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነ።
አልሳቀም፤ አልተቆጣም።
«አዲሱን ግሪስ ቀባው» አለኝ፤ «በደረቁ አትግጠም።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ
የመጨረሻዋን ኮፒሊያ ቆለመምኩ።
እስከ ድልድዩ ሄድን፤ እሱ ከጎኔ፣
መስኮቱን ከፍቶ፣ ጆሮውን ለጠጠሩ ሰጥቶ።
ጉድጓዱ መጣ። ጥርሴን ነከስኩ።
ምንም።
ሌላው መጣ። ምንም።
«ዳነች» አለ፤
ደስ ያለው ግን አይመስልም።

ተመልሰን በር ላይ ቆምን።
ስንት ዓመት እናቴ
ከመታጠፊያው ቋ ሲል ሰምታ ነበር
መዝጊያውን የምትከፍተው።
ጥሩምባ ነፋሁ። ድምፅዋ ከውስጥ መጣ፦
«ማነው እሱ? እንግዳ ነው?»
አባቴ አልመለሰም።
ቀኝ እግሩን አወጣ፣ ግራውን በእጁ ስቦ አስከተለ፣
ከዘራውን ተክሎ ተነሣ፤
ቋ! አለ ጉልበቱ።

መዝጊያው ተከፈተ።