ሰማያዊ ነበረ

የፊት በራችን መስታወት ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምፔንሳቶ ነው።
የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በሩን በቁጣ ወርውሬ ስወጣ ነው።
ጸቡ ስለ ምን እንደ ነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም፤
ኔስታ ታስታውሳለች። አትናገርም።

«ነገ እሠራዋለሁ» አልኩ። ነገ ደግሞ ፈረቃ ነበር፤
ከዚያ ወዲያ ልጅ፣ ዕዳ፣ የፋብሪካው አድማ፣ የወገቤ ነገር።
እንጨቱን አንዴ ነጭ፣ አንዴ ቡኒ ቀባሁት።
ኮሪደሩ ጨለማውን ለመደ፤
እኛም ኮሪደሩን።

በፖርት ታልቦት ብረት ማቅለጫ ክሬን ነጂ ነበርኩ፤
ሦስት መቶ ቶን ቀልጦ የፈላ ብረት ጠብታ ሳላፈስ ያሻገርኩ።
ምድጃው ሲዘጋ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ፤
ጊዜ እንደ ተረፈኝ እየቆጠረ ሊነግረኝ።
እናም ማክሰኞ ማክሰኞ «መዘምራን ጋ ነኝ» ብዬ እየዋሸሁ
ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረ ክፍል እገባለሁ።

የምታስተምረን ማሬድ ናት፤ ከልጄ ታንሳለች በዕድሜ።
«መስታወት አይቆረጥም» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን፣ እኔ ቆሜ
መቁረጫዋን እንደ መዶሻ ጨብጬ ሳለሁ።
«አይቆረጥም፤ ይጫራል። ከዚያ ራሱ ይለያያል።
አንተ መንገዱን ብቻ ታሳየዋለህ።»

ጎማዋ ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ላምባ ነክረህ
ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳትቆም፣ ሳትደግም ትነዳለህ።
ጆሮህን ስጠው፤ ሐር ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ካላሰማ
አልነካኸውም። ካቃሰተ ተጭነሃል።

እኔ ተጫንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የተጫንኩ ሰው ነኝ።
የመጀመሪያው እንደ ብስኩት እጄ ላይ ደቀቀ፤
ሁለተኛው ባላሰመርኩት በኩል ሄዶ ተሰነጠቀ፤
ሦስተኛውን አላወራም።
አጠገቤ ጌቲን በአንድ ምሽት አበባ ጨርሶ ያፏጫል።
(ጥርስ ሐኪም ነው፤ ምን ይደረግ።)

ቤት ስገባ ኔስታ ሾርባ እየቀዳች ጣቶቼን አየች፤
ሦስት ፕላስተር።
«ዘንድሮ መዝሙሩ ጣት ይቆርጣል?» አለች።
«ከፍ ያለ ድምፅ ስለሆነ ነው» አልኩ።
ጨው አቀበለችኝ።

በስድስተኛው ማክሰኞ፣ እንጃ፣ ደክሞኝ ይሆናል፣
እጄ መጫኑን ረሳ። ጎማዋ ዘመረች።
በሁለት አውራ ጣቴ ሰበር ሳደርገው ጠቅ አለ፤
ጠቅ ብቻ፣ እንደ ቁልፍ፤
አንዱ ሁለት ሆኖ መዳፌ ላይ ተኛ፣ ማንም ሳይጎዳ።
እንዲህም መለያየት አለ ለካ፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ፍዳ።

ከዚያ ጠርዙን መሞረድ፣ በመዳብ ጥብጣብ መጠቅለል፤
አራስ ልጅ እንደሚያለብሱ፣ በጥፍር እያሹ ማስተካከል።
ብየዳው ሲደርስ ማሬድ ልታሳየኝ ጎንበስ አለች።
የካውያው ጫፍ እርሳሱን ሲነካው፣ የብር ጤዛ ሲንከባለል
«ይኼን እንኳ ተይልኝ» አልኳት።
እሳቱ ያንሳል እንጂ ዘመዴ ነው።
ዕድሜ ልክ ከላይ ሆኜ ያየሁት
አፍንጫዬ ሥር መጣ።

አሥራ አንድ ቁራጭ። ኮረብታ፣ ሌላ ኮረብታ፣
አንዲት ፀሐይ፤ በአንድ በኩል የጎበጠች።

ቅዳሜ ኔስታ እህቷ ጋ ስትሄድ ኮምፔንሳቶውን ነቀልኩ።
ሚስማሩ ዝጓል። ከኋላው ሸረሪት፣
አንድ ያልተከፈተ የልደት ካርድ፣ የማን እንደሆነ እንጃ።
ገጠምኩ፣ ስቱኮ ለጠፍኩ፣ ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ።
ዝናብ ነበር፤ ምንም አልሆነም።

ወደ ማታ ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ትንሽ ተከፈለ።
ኔስታ ገባች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፣
ያኔ እኔ መዝጋት እንደ ነበረብኝ።
አረንጓዴው በፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ ሄዶ ሄዶ
የደረጃውን ሦስተኛ እርከን ይዟል።

ኮቷን ሳታወልቅ አንድ ጫማዋን አወለቀች።
እግሯን ብርሃኑ ላይ አኖረች፣
የገላ ውሃ ሞቆ እንደሆነ እንደሚሞክር ሰው።

«ሰማያዊ ነበረ እኮ» አለች። «የድሮው።»

አላስታወስኩም ነበር።

«መዘምራኑ እስከ መቼ ነው?»
«እስከ ሰኔ።»
«እንግዲያው» አለች፣ እግሯን ሳታነሳ፣
«ለሰማያዊው ጊዜ አለህ።»